አንድ ዲያቆን ስለ ጎደለባት ቤተ ክርስቲያናችን ለአባቶችና በከተማ ለሚኖሩ ልጆቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለሀገረ ስብከታችን ጽሕፈት ቤት፣
ለወረዳችን ቤተ ክህነት፣
እንዲሁም ከዚህች ሰበካ ወጥታችሁ በየከተማው ለምትኖሩ ልጆቻችን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን

ጉዳዩ፦ የእሑድ ቅዳሴያችን እንዳይታጎል ስለ መጠየቅ

ብፁዕ አባታችን፣ ቡራኬዎ ይድረሰን። ክቡራን አባቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን።

ይህን ደብዳቤ በሰበካ ጉባኤው ስምምነት የምጽፈው እኔ የጉባኤው ጸሐፊ ነኝ። በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያናችን የእሑድ ቅዳሴ መታጎል ጀምሯል። ሕዝቡ አልቀረም፤ ሕንፃው አልፈረሰም፤ ታቦቱም በመንበሩ አለ። የጎደለን አንድ ዲያቆን ነው፤ ሲብስ ደግሞ ሁለት።

በትልልቅ አድባራት የምታስቀድሱ ልጆቻችን በአንድ ዲያቆን ምክንያት ቅዳሴ እንዴት ይታጎላል ትሉ ይሆናል። እናንተ ዘንድ በአንድ ሰሞን፣ ማለትም በአንድ ሳምንት የአገልግሎት ተራ፣ የሚገቡት አገልጋዮች ብቻ የእኛን ሁሉ ይበልጣሉ። ሥርዓቱ ግን ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው፤ ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም። ሁለቱ ካህናት፣ ሦስቱ ዲያቆናት ናቸው። ሠራዒው (ዋናው) ዲያቆን የጳውሎስን መልእክት ያነባል፤ ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስ፣ ከያዕቆብ ወይም ከይሁዳ መልእክት ያነባል፤ ንፍቁ ካህን የሐዋርያትን ሥራ፣ ሠራዒው ካህን ወንጌሉን። ሥጋውን ካህኑ ሲያቀብል ደሙን በእርፈ መስቀል፣ በመስቀል ማንኪያው፣ የሚያቀብለው ዲያቆኑ ነው። ሦስተኛው ዲያቆንም መብራቱንና ቃጭሉን ይዞ የራሱ ድርሻ አለው። አራት ሆነን "እንግዲህ አንዱ ደርቦ ይሥራ" የሚባል ነገር የለም፤ ባለ እርሻው ሁሉ ተጠራርቶ ቢመጣም፣ ሽማግሌው ሁሉ ቅዳሴውን በቃሉ ቢያውቀውም፣ አራት ሆኖ የሚቀደስ ቅዳሴ የለም።

እኛ ሁለት ካህናት አሉን፤ አንደኛው በዕድሜ የገፉ ናቸው። የኔታ የምንላቸው መሪጌታችን ማኅሌቱንና የልጆቹን ትምህርት ይዘዋል፤ ክህነት ግን የላቸውም። ዲያቆናቱ ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ 9ኛ ክፍል ስለ ገቡ ወረዳ ከተማ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ስንቅ ለመውሰድ ሲመጡ እንቀድሳለን። ሳይመጡ ሲቀሩ የጠዋቱ ጸሎት ኪዳን ብቻ ደርሶ፣ ጠበል ተጠጥቶ፣ ሕዝቡ በጠዋቱ ወደ ቤቱ ይበተናል።

አባቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ሆኖም በጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ "አገልጋይ የተጓደለበት" ተብሎ በአንድ መስመር የሚያልፈው ነገር እኛ ዘንድ ሳምንቱን ሙሉ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ ታገሡኝ።

አምስቱ ልዑካን በሚሟሉበት ሳምንት ሥራው የሚጀምረው ከዓርብ ነው። አቃቢቷ እማሆይ ስንዴውን በሰፌድ ይዘው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። የተሰበረውን፣ ነቀዝ የነካውን ፍሬ አንድ በአንድ እየለቀሙ ያወጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እንዲያውም አንዲት ልጅ አጠገባቸው ተቀምጣ "እማሆይ፣ እዚህ አለ" እያለች ታግዛቸዋለች። ልጅቱ ይህን ሥራ ያየችው እዚያ ነው እንጂ ማንም አስቀምጦ አላስተማራትም። ቅዳሜ ማታ ዱቄቱ የመሥዋዕቱ ኅብስት ወደሚጋገርበት ቤት፣ ወደ ቤተልሔም ይገባል። ዘቢቡ ይታያል፤ ካለቀ ከወረዳ ከተማ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ታዞ ነበር። ዕጣኑና ጧፉ ይቆጠራል። የሚቀድሱት ልዑካን እህል ውኃ ሳይቀምሱ እዚያው ያድራሉ፤ ዲያቆኑ ገና ሳይነጋ ውኃ ቀድቶ ያቦካል፣ ይጋግራል። የመሥዋዕቱ ሽታ ከቤተልሔም ሲወጣ ማኅሌት የቆሙት ሰዎች ያውቁታል፤ መሪጌታም ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ ደወል። ይህ ደወል ከወንዙ ማዶ ድረስ ይሰማል። ታማሚ ያለበት ቤት፣ ከብት ጠባቂ ልጅ፣ አልጋ ላይ ያለች አራስ ሁሉ በእርሱ ቀኑን ያውቃል። ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ይመጣል፤ ንስሐ የገባ ይቀርባል፤ መቁረብ ያልቻለ ከበሩ ቆሞ ያስቀድሳል።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ያለው ነገር በውጭ ሰው ዓይን ትንሽ ይመስላል። ለእኛ ግን የሰበካችን ሳምንት የሚቋጠረው እዚያ ላይ ነው። ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ባለተራው ዳቦና ጠላ አምጥቶ፣ ካህኑ ባርከው፣ ሰው በዕድሜው ይቀመጣል። ለችግረኛው ቀድሞ ይሰጣል። ከዚያ የሰንበቴው ሙሴ (መሪው) "ማን ቀረ?" ይላል። ይህች ጥያቄ በየሳምንቱ ትጠየቃለች። እገሌ አልመጣም ከተባለ ምን ሆኖ ነው ይባላል፤ ታሞ ከሆነ በዚያው ከሰዓት ሁለት ሰው ይሄዳል፤ በሬው ሞቶበት ከሆነ ለሳምንቱ የሚያርስለት ሰው እዚያው ይመደባል። ያለፈው ዓመት ድንበር ተገፋፍተው ሰላምታ ያቆሙ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩን። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀምጦባቸው አልሆነም። አንድ እሑድ ግን በዕድሜ የገፉት አባታችን ጽዋውን ለአንደኛው ሰጡና "ጠጥተህ ለወንድምህ አቀብል" አሉት። ሰውዬው ጽዋውን ይዞ ብዙ ቆየ። ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። በኋላ ቀመሰና ተነሥቶ ሰጠው፤ የድንበሩ ነገር በማግሥቱ በገመድ ተለክቶ አለቀ። ፍርድ ቤት ቢሄዱ ኖሮ ዛሬም እየተመላለሱ ነበር።

ቅዳሴ በማይኖርበት እሑድ ይህ ሁሉ አይኖርም። ሰንበቴው አልተከለከለም፤ ሰው ግን ለኪዳን ብቻ ከሩቅ አይመጣም፤ የመጣውም ቶሎ ይመለሳል። "ማን ቀረ?" ብሎ ለመጠየቅ የመጣው ሰው መብዛት አለበት። ሁለት ሳምንት ሳይገናኝ የቆየ ሕዝብ የታመመውን ሰው የሚሰማው በቀብሩ ዕለት ነው፤ ይህም ደርሶብናል።

የሥራ ቀኖቹ እንደ እሑድ አይጎዱም። አንዱ ካህን ኪዳን ያደርሳሉ፤ የኔታ ከዋርካው ሥር ልጆቹን ሰብስበው ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ከፍ ያሉት የየዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። በ12 የሚካኤል ዕለት ሰው ይበዛል። ሰው ሲሞት ፍትሐት አይቀርም፤ ካህናቱ ሌሊትም ቢሆን ይሄዳሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት መዝሙር ያጠናሉ፤ ከበሮአችን አንድ ነው፤ ቆዳው ላልቶ በየጊዜው እሳት ዳር ይሞቃል።

ከሁሉ የከበደብን የክርስትናው ነገር ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ በተጠመቁበት ዕለትም ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። ቅዳሴ ከሌለ ይህ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ እናቶቻችን ሕፃን ታቅፈው ዳገቱን ወጥተው፣ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ወደ ጎረቤት ሰበካ መሄድ ጀምረዋል። ባለፈው የጾም ወራት አንዲት እናት የ40 ቀን ልጇን ይዛ በሌሊት ተነሥታ ስትሄድ አየኋት፤ እናቷ ከኋላ የክርስትና ልብሱን በሻሽ ጠቅልለው ይዘው ይከተላሉ። የሕፃኑ አባት፣ አያቱና ቅድመ አያቱ የተጠመቁት በዚህችው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህችን እናት አስቀርተን "እዚሁ ይሆናል" ማለት አልቻልንም።

ዲያቆናቱ ለምን አይገኙም ለሚለው ልጆቹን መውቀስ አይገባም። ዲያቆን ማለት እኛ ዘንድ ተማሪ ነው፤ እስከ 8ኛ ክፍል እዚሁ ይማራል፣ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ቤት ወረዳ ከተማ ነው። ልጁ ይማር ብለን የላክነው እኛው ነን፤ መማሩም ይገባዋል። ከተማ ከገባ በኋላ አንዳንዱ እዚያው ደብር ተቀጥሮ ይቀራል፣ አንዳንዱ ወደ አዲስ አበባ ያልፋል፣ አንዳንዱም ማገልገሉን ይተዋል። ወደ ኋላ የሚመለስ ጥቂት ነው። ትዳር ይዞ፣ ቅስና ተቀብሎ እዚህ የሚቀመጥ ወጣት ቢገኝም የሚያርሰው መሬት የለውም።

የካህናቱ ኑሮ ነገር የቆየ ታሪክ አለው። ድሮ አገልጋይ የሚኖረው በቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ያ አበቃ። ካህኑም እንደ ማንኛውም ገበሬ በድርሻው ማረስ ጀመረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. የሰበካ መተዳደሪያ ደንቡ ቃለ ዐዋዲ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ መቋቋሙ የእግዚአብሔር ጥበቃ ነበር እላለሁ፤ ምእመኑ ቤተ ክርስቲያኑን በራሱ አስተዋጽኦ ማቆም ባይለምድ ኖሮ እንደ እኛ ያሉት ትንንሾቹ ዛሬ አይኖሩም ነበር። ግን ሕዝባችን ገበሬ ነው። አውድማ ላይ በቁና የሚሰጠው እህል ለሁለት ካህናትና ለአንድ መሪጌታ ቀለብ ቢሆን እንጂ ከዚያ አያልፍም። ከዚሁም ላይ የበላይ ጽሕፈት ቤት ፐርሰንት ይወጣል። ፐርሰንቱን አንቃወምም፤ ሕግ ነው፣ ሳናጓድል ከፍለናል። ከከፈልን በኋላ ግን አገልጋይ ይመደብልን ብለን ስንጠይቅ ከአንድ ኃላፊ በቃል ያገኘነው መልስ "ጎረቤት ሂዳችሁ አስቀድሱ" የሚል ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ታቦቱ ለምን ወደ ጎረቤቱ ደብር አይገባም?" ተባለ። ይህን ቃል ለሕዝቡ አላደረስነውም። ሕዝቡ ቢሰማ ምን ያህል እንደሚያዝን እናውቃለን።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ልጆቻችን ልመለስ። ፍቅራችሁን እናውቃለን። ቆርቆሮው የተቀየረው፣ የግቢው አጥር በድንጋይ የታጠረው፣ ድምፅ ማጉያው የተገዛው በእናንተ ነው። ለሚካኤል ንግሥ ስትመጡ ግቢው ይሞላል፣ እናቶች ደስ ይላቸዋል። ዘንድሮም አዲስ ሕንፃ ለመሥራት፣ ጉልላቱን ለማስለወጥ ገንዘብ ማሰባሰብ መጀመራችሁን ሰምተናል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን በድፍረት ሳይሆን በልመና የምነግራችሁ አለ፤ እባካችሁ ሕንፃው ይቆየን። የአሁኑ ቤታችን ጭቃ ቢሆንም አያፈስስም፤ ግድግዳውን እኛው በየዓመቱ እንመርገዋለን። የምንፈልገው የሚቀድስበት ሰው ነው። በምትመጡበት የንግሥ ዕለት ከየሰበካው ካህናት ስለሚሰባሰቡ ቅዳሴው ያማረ ይሆናል፤ እናንተም ያንን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። በሚቀጥለው እሑድ ያለውን ብታዩ ኖሮ ገንዘቡን ወዴት እንደምታደርጉት እኛ ባልነገርናችሁ ነበር።

ለሕንፃ የሚሰጥ ሰው ስሙ እብነ በረድ ላይ ይጻፋል፤ ለዲያቆን የቤት ኪራይ የሰጠ ስሙ የትም አይጻፍም። ለዚህም ይሆናል ለሕንፃ ገንዘብ ቶሎ የሚገኘው። እናንተ ግን የእኛው ልጆች ናችሁና ይህን እንደምትረዱን አምናለሁ።

የምንለምናችሁ ይህን ነው። ወረዳ ከተማ ለሚማሩት ዲያቆናት የቤት ኪራያቸውንና በየሳምንቱ ቅዳሜ መጥተው እሑድ ከሰዓት የሚመለሱበትን የመኪና ገንዘብ ቻሉልን። መንገዱ አሁን እስከ ገበያው ድረስ መኪና ይገባዋል፤ ከገበያው ወደ እኛ የአንድ ሰዓት እግር ነው፣ ልጆቹ ለምደውታል። የጎደላቸው የመሳፈሪያው ነው፤ ወላጆቻቸው በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ እንጂ ከዚያ በላይ አይችሉም። ሁለተኛ፣ የኔታን እንዳናጣቸው የወር ቀለብ ይታሰብላቸው። በትልቅ ደብር ተፈልገው እንቢ ብለው ከእኛ ጋር የቀሩ ሰው ናቸው። እርሳቸው ከሄዱ የሚመጣው ዲያቆን ከየት ይወጣል? አሁን ከዋርካው ሥር ከሚማሩት ልጆች ውስጥ ግብረ ዲቁናውን ጨርሰው ማዕረጉን ብቻ የሚጠብቁ አሉ።

ለወረዳው ቤተ ክህነት ያለን ጥያቄ ሁለት ነው። ከሰበካችን አገልጋይ ሲዘዋወር ወይም ወደ ሌላ ደብር ሲቀጠር የሚተካው ሰው ሳይገኝ መሸኛ እንዳይሰጠው፤ ቢያንስ ሰበካ ጉባኤው ይጠየቅ። ሁለተኛው ደግሞ በዙሪያችን ያሉት ሁለት ሰበካዎች እንደ እኛው ዲያቆን ያነሳቸው ስለሆኑ ሦስታችን በአንድነት ሰሞን ገብተን አገልጋዮቻችን በተራ እንዲቀድሱ መርሐ ግብር ይውጣልን። ከየሰበካው ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረናል፣ ተስማምተናል። ግን በመካከላችን ብቻ ያደረግነው ስምምነት በአንድ ቅሬታ ሊፈርስ ይችላል፤ ከቤተ ክህነት በደብዳቤ ሲጸና ካህናቱም ይታዘዙታል። ሦስታችንም በየእሑዱ እንቀድሳለን አንልም። በሦስት ሳምንት ሁለቱን እሑድ ማግኘት ለእኛ ብዙ ነው፣ ቀኑም አስቀድሞ ከታወቀ የክርስትናው ቀጠሮ በእርሱ ይያዛል።

ብፁዕ አባታችን፣ ማዕረገ ዲቁና የሚሰጠው በእርስዎ እጅ ነው። ልጆቻችን ለማዕረጉ ወደ ሀገረ ስብከቱ መቀመጫ እንዲመጡ ሁለት ጊዜ ተነግሯቸው፣ አንደኛው ጊዜ መንገድ ተዘግቶ፣ ሌላው ጊዜ የትምህርት ፈተና ላይ ስለዋለ ቀሩ። ወደ ወረዳችን ለሐዋርያዊ ጉዞ በሚመጡበት ጊዜ በዚያው ፈትነው ቢባርኩልን፣ ወይም ቀኑ በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቢሆንልን፣ ሰበካችን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያሉት ሁሉ ይጠቀማሉ። የልጆቹን ስምና የኔታ የሰጡትን ምስክርነት ከሰበካ ጉባኤው ማኅተም ጋር በወረዳው ቤተ ክህነት በኩል ልከናል።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ከዘንድሮው አዝመራ ጀምሮ እያንዳንዱ አባወራ ለአገልጋዮች የሚሰጠውን እህል እንዲጨምር ተስማምቷል። ሰንበቴው ከሚሰበስበው ላይ የዘቢቡንና የዕጣኑን ወጪ ችሏል። ሁለት ቤተሰቦች ደግሞ ከሩቅ ለሚመጣ ዲያቆን ማደሪያና ምግብ ለመስጠት ቃል ገብተዋል።

አሁን ክረምት ስለሆነ ተማሪዎቹ ቤታቸው ናቸው። የፍልሰታን ጾም ከነሐሴ 1 ጀምሮ በየዕለቱ እንቀድሳለን፣ በዚህ በኩል ስጋት የለብንም። ችግሩ የሚመለሰው በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። ወላጆቻቸው የቤት ኪራይ ውል የሚዋዋሉትና የዓመቱን ስንቅ የሚያሰሉት በጳጉሜን ነው። ስለዚህ ከሀገረ ስብከቱም፣ ከወረዳውም፣ ከእናንተ ከልጆቻችንም የሚመጣው መልስ በነሐሴ ወር ውስጥ ቢደርሰን ልጆቹ ሳይለያዩ አንድ ቤት እናከራያቸዋለን፣ የቅዳሜውንም መኪና ከባለቤቱ ጋር ከወዲሁ እንነጋገራለን። ገንዘብ የምትልኩ ልጆቻችን በሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ቁጥር አስገብታችሁ "ለዲያቆናት" የሚል ጻፉበት፤ ደረሰኙን ገንዘብ ያዡ ይቆርጥላችኋል፣ ወጪውም በየሦስት ወሩ ለሕዝቡ በዐውደ ምሕረት ይነበባል።

የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ አይለያችሁ።

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ